በሚወረወር አየር ምግብን በረዶ ሲያደርጉና ሲያቀልጡ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከኖዝል (ከጠባብ የአየር መውጫ አፍ) በኃይል የሚወጣ አየርን በቀጥታ በምግብ ላይ እየወረወሩ በረዶ የሚያደርጉ ማሽኖች ጥቅማቸው አያጠያይቅም። የረጋ አየር ከአንድ ካሬ ሜትር የምግብ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሙቀት ልዩነት ከ5 እስከ 10 ዋት ያህል ብቻ ሲወስድ፣ የተለመደው ባለ ፋን ፍሪዘር ከ20 እስከ 50፣ በሚገባ የተሠራ የኖዝል ማሽን ደግሞ ከ100 በላይ ይወስዳል። ሆኖም ይህ ሁሉ ብርታት የሚሠራው በምግቡ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ሙቀቱ ከመሀል ተነሥቶ ገጹ ላይ እስኪደርስ የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስኑት የምግቡ ውፍረትና ጠባይ ናቸው።

ደጋግሜ በማየቴ ትዕግሥቴን ያሟጠጠው ስህተት፣ በካርቶን የታሸገ ወፍራም ሥጋ በጊዜው በረዶ አልሆነም ሲባል የአየሩን ፍጥነት መጨመር ነው። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ፕላንክ ምግብ በረዶ ለመሆን የሚፈጀውን ጊዜ ለመገመት በ1913 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀመር ዛሬም ለመጀመሪያ ግምት ይበቃልና በእርሱ እናስላ። ውፍረቱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀይ ሥጋ፣ በ4 ሚሊ ሜትር ካርቶን ተሸፍኖ፣ ከዜሮ በታች 35 ዲግሪ ባለው አየር ውስጥ ገባ እንበል። አየሩ በካሬ ሜትርና በዲግሪ 25 ዋት የሚወስድ ከሆነ፣ ቅድመ ማቀዝቀዙ ሳይቆጠር በረዶ ለመሆን ብቻ 20 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የአየሩን አቅም በእጥፍ አሳድገን 50 ዋት ብናደርሰው 17 ሰዓት ይሆናል። ካርቶኑን አንሥተን አየሩን በ25 ዋት ብንተወው ግን ከ10 ሰዓት ተኩል አይበልጥም። በሌላ በኩል 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ያልታሸገ የበርገር ሥጋ በ25 ዋት 27 ደቂቃ፣ በ150 ዋት ደግሞ 5 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። የኖዝል ማሽን የተሠራው ለዚህኛው ነው፤ በካርቶን ላይ የሚወረወር አየር ከሥጋው ጋር ሳይሆን ከወረቀቱና ከሥሩ ከተያዘው የአየር ክፍተት ጋር ይታገላል።

የዚያች የሦስት ሰዓት ትርፍ ዋጋም መታወቅ አለበት። የአየሩን ፍጥነት በእጥፍ ለማሳደግ ፋኑ ስምንት እጥፍ ኃይል ይፈልጋል፤ ፋኑ የሚበላው ኤሌክትሪክ ደግሞ በመጨረሻ ሙቀት ሆኖ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ ያንንም ሙቀት ማስወጣት ያለበት ኮምፕረሰሩ ነው። በአንድ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋኖቹ በትልልቆች ከተተኩ በኋላ የክፍሉ አየር ከዜሮ በታች 35 መሆኑ ቀርቶ ከዜሮ በታች ወደ 28 ከፍ ብሎ፣ ሥጋው ከቀድሞው ዘግይቶ በረዶ ሲሆን አይቻለሁ። እዚያ የሚያስፈልገው ሥጋውን በሰሌዳ ላይ ሳያሽጉ በረዶ አድርጎ ካርቶኑን ኋላ ማልበስ፣ ይህ ካልተቻለም የብሎኩን ውፍረት መቀነስ ነበር።

የኖዝሉን ርቀት በዘፈቀደ መተው ሌላው ስህተት ነው። ከአንድ ክብ ኖዝል የሚወጣ አየር ብርቱ ሆኖ የሚመታው ርቀቱ ከኖዝሉ አፍ ስፋት ከ6 እስከ 8 እጥፍ ሲሆን ነው፤ 2 ሴንቲ ሜትር አፍ ላለው ኖዝል ከ12 እስከ 16 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ሥራውን ጨርሶ የሞቀው አየር መውጫ ካላገኘም ወደ ጎን እየፈሰሰ የሚቀጥለውን ኖዝል አየር ከመንገዱ ያስታል። ስለዚህ በኮንቬየሩ (ምግቡን በሚያጓጉዘው ቀበቶ) ዳርና ዳር ያለው ምግብ እኩል ካልሆነ፣ ፍጥነቱን ከመንካት በፊት የአየሩን የመመለሻ መንገድ ፈትሹ።

ኢቫፖሬተሩ (የክፍሉን አየር የሚያቀዘቅዘው የቱቦ ጥቅል) ላይ ውርጭ እያለ ምግብ አታስገቡ። የገጽ ሙቀትን ብቻ በሚያነብ ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ተመርታችሁም ምግቡን አታውጡ፤ የቴርሞሜትር መርፌ ምግቡ መሀል ገብቶ ከዜሮ በታች 18 ማንበብ አለበት።

ወደ ማቅለጥ ስንመጣ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ከትጋት የተነሣ ስለሆነ አልቆጣቸውም፤ በረዶ ያደረጉበትን ሥራ ገልብጠው ሞቃት አየር ይወረውሩበታል። በረዶ ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከውሃ አራት እጥፍ ገደማ ነው። ምግቡ በረዶ ሲሆን ከውጭ የሚፈጠረው ቅርፊት ጥሩ አስተላላፊ ስለሆነ ሥራውን ያግዛል፤ ሲቀልጥ ግን ከውጭ የሚፈጠረው የቀለጠ ሽፋን ሙቀቱን እየያዘ ያዘገየዋል። አየሩ በሞቀና በበረታ ቁጥር ገጹ ቶሎ ይሞቃል፣ መሀሉ ግን በረዶ እንደሆነ ይቆያል፤ ባክቴሪያ የሚራባውም በዚያ በሞቀው ገጽ ላይ ነው። ለዓሣ የአየሩ ሙቀት ከ20 ዲግሪ እንዳይበልጥ፣ አየሩም በእርጥበት የተሞላ እንዲሆን ይመከራል። እርጥበቱ ገጹ እንዳይደርቅ ከመከላከሉ በላይ፣ እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ገጽ ላይ ጤዛ ሲሆን በኪሎ ወደ 2,500 ኪሎ ጁል ሙቀት ስለሚሰጥ ማቅለጡን ያፋጥናል። ገጹ በረዶነቱን ለቅቆ መሞቅ ሲጀምር የአየሩን ሙቀት ወደ 5 ዲግሪ ማውረድ ተገቢ ነው።

በደጋ አገር የምንሠራ ሁሉ የምንዘነጋው አንድ ነገር ቀርቷል። የማሽኖቹ የአቅም ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለባሕር ጠለል ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ በዚያው ፍጥነት የሚነፍስ አየር ከምግቡ ገጽ የሚወስደው ሙቀት ከ15 እስከ 20 በመቶ ያንሳል። ፋኑ የሳሳ አየር ሲገፋ የሚስበው አምፔርም አብሮ ስለሚቀንስ፣ ብዙዎች ይህን የጤንነት ምልክት አድርገው ይወስዱታል። ማሽን ስትገዙ አቅራቢው የፋኑን፣ የኖዝሉንና የኢቫፖሬተሩን አቅም ለቦታችሁ ከፍታ አስልቶ በጽሑፍ እንዲያቀርብ በጨረታ ሰነዱ ላይ አስገቡ፤ ርክክቡንም በባዶ ክፍል ሳይሆን በእውነተኛ ጭነት፣ መርፌውን በጣም ወፍራም በሆነው ሥጋ መሀል አስገብታችሁ ፈጽሙ።