ለቁርጥራጭ ጨርቅ የካንታ ስፌት
ባሕር ዳር ያላችሁ፣ ልብስ ሰፊዎች የሚጥሉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠይቃችሁ ሰብስቡና የቤንጋል (የምሥራቅ ሕንድና የባንግላዴሽ አካባቢ) ሴቶች ካንታ የሚሉትን የአልጋ ልብስ አሠራር ሞክሩ። እነርሱ ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው፣ ጥጥ ሳይሞሉ፣ በእጅ መርፌ ብቻ ያያይዛሉ። ለከተማችን ሙቀት ከዚህ የተሻለ የአልጋ ልብስ አላውቅም። ከሥር ያረጀ ነጠላ አንጥፉ፤ ጥለቱን ዳር ላይ ብትተዉት እንደ ክፈፍ ያምራል። የቁርጥራጮቹን ጠርዝ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ ከላይ ደርድሩ። አደራ፣ አስቀድማችሁ ሁሉንም እጠቡ፤ አዲስ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ቀዩን ጨርቅ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ከነጠላው ጋር አታገናኙት። ስትሰፉ ሁልጊዜ ከመሀል ወደ ዳር ሂዱ፤ ከዳር ከተጀመረ መሀሉ ያብጣል። ክሩንም አጥብቃችሁ አትሳቡ፤ ካንታ የሚታወቅበት ለስላሳ ሽብሽብ በራሱ ይመጣል።