ፌራሪ ኤፍ355 ከመግዛት በፊት ምን ይመርመር?

እ.ኤ.አ. ከ1994 እስከ 1999 የተመረተው ኤፍ355 ለሽያጭ ሲቀርብ ሻጩ የሚያወራው ስለ ኪሎ ሜትሩ ነው። እርስዎ ግን መጀመሪያ የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን እንቅስቃሴ የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ ይጠይቁ። ቺንጋ መኪናው ቆሞም ያረጃል፤ ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፣ በዚህ ሞተር ላይ ደግሞ ቫልቮቹ 40 ናቸው። 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ሄዶ ቺንጋው 10 ዓመት ሙሉ ካልተነካ መኪና ይልቅ፣ 80 ሺህ ሄዶ ደረሰኙ የተሟላው ይሻላል።

ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ ከነካምቢዮውና ከነኋላ ፍሬሙ በሥር በኩል ይወርዳል። ሥራው በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ይደገማል፣ ሒሳቡም ብዙ ሺህ ዶላር ነው። ከወረደ አይቀር ሁለቱ ቺንጋዎች፣ የመወጠሪያ ኩሽኔታዎቹ፣ የካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ፓራዮልዮዎች፣ ማለትም የዘይት ማገጃ ቀለበቶች፣ እና 8ቱ ካንዴላዎች ይቀየራሉ፤ የውሃ ፓምፑ ይፈተሻል። የነዳጅ ጎማ ቱቦዎችን አይዝለሉ፦ ያረጀ ቱቦ በጋለ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ መኪናው በእሳት ይያያዛል። «ሰርቪስ ተደርጓል» ብቻ የሚል፣ የተቀየሩ ዕቃዎች ያልተዘረዘሩበት ደረሰኝ እንደሌለ ይቆጠራል።

ሁለተኛው ጣጣ የቫልቭ ጋይድ፣ ማለትም ቫልቩ የሚንሸራተትበት ቀፎ ነው። በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ ከነሐስ ስለተሠራ ቶሎ ይበላል፤ ሞተሩ ዘይት ያቃጥላል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ማረጋገጫው የአየር ማፍሰስ ምርመራ ነው። ሞተሩን አሙቆ፣ እያንዳንዱን ፒስተን ጫፍ ላይ አቁሞ፣ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ማስገባት ነው። እስከ 5 በመቶ ቢያፈስ ደህና ነው፤ ከ15 ካለፈ ወይም አንዱ ሲሊንደር ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ይጠንቀቁ። ጆሮዎን ይጣሉ፦ አየሩ በጭስ ማውጫ ከተሰማ የጭስ ቫልቩ፣ በዘይት መሙያው ከተሰማ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው። ጋይድ መቀየር ማለት ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይ ክፍል) ማውረድ ስለሆነ፣ ውጤቱን ሳያዩ ዋጋ አይቁረጡ።

ከሞተሩ የሚወጡት የጭስ ቱቦዎችም ይሰነጠቃሉ። በሙቀት መከላከያ ስለተሸፈኑ ስንጥቁ ለዓይን አይታይም፤ ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሳ «ቲክ ቲክ» የሚል ድምፅ ካለ ግን ይጠርጥሩ። በስንጥቁ የገባ አየር የኦክስጅን ሴንሰሩን ያታልላል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ካታሊስቱም (የጭስ ማጣሪያው) ይቃጠላል።

መኪናው እጅዎ ከገባ በኋላ ዘይቱን እንደ ሌላ መኪና ጠዋት በቀዝቃዛው አይለኩ። ዘይቱ በተለየ ጋን ስለሚቀመጥ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ሳይጠፋ ነው። በቀዝቃዛው አይቶ «ጎድሏል» ብሎ የጨመረ ሰው ጋኑን ከልክ በላይ ይሞላና ትርፉ ወደ አየር ማስገቢያው ይሄዳል። ሲቆም ባትሪውን በማቆያ ቻርጀር ላይ ይተዉት። የጎማውን ዕድሜ በጎኑ ካሉት አራት አኃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. የ2019 23ኛ ሳምንት ነው። 6 ዓመት ካለፈው ጥርሱ ቢኖርም ይቀየር። እጅ ላይ የሚያጣብቁት የመኪናው የውስጥ መጫኛ ቁልፎች አስቀያሚ ናቸው እንጂ መኪና አያስተዉም፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማሉ።