የመኪና ጭስ ጤናውን የጎዳው ሰው በአምራቹ ላይ ክስ የሚያዘጋጅበት መንገድ

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ለገሃር በመንገድ ዳር የሚነግዱ፣ ትራፊክ የሚያስተናብሩና ታክሲ የሚጠብቁ ሰዎች ጭሱን ይተነፍሱታል እንጂ መኪኖቹን አልገዟቸውም፤ ይህም በሕግ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቮልስዋገን በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሱን የሚቀንስ ሶፍትዌር በ11 ሚሊዮን ያህል የናፍጣ መኪኖች ላይ መግጠሙ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጋለጥ፣ ለግለሰቦች የተከፈለው ካሣ በአብዛኛው ለገዢዎች ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2023 በመርሴዲስ ቤንዝ ጉዳይ ጥበቃ የሰጠው ለገዢው ነው። ስለዚህ ሳንባው የታመመ ሰው የገዢዎቹን ክስ ከመቅዳት ይልቅ የራሱን መሠረት መያዝ አለበት።

መሠረቱ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2085 ላይ ይገኛል። ለትርፍ ዕቃ ሠርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ጉድለቱ በተለመደ ምርመራ ሊታወቅ የሚችል ከነበረ ግን ኃላፊነቱ ይቀራል። በእኔ እምነት የክሱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ማንም የሚያየው ጥቁር ጭስ አምራቹን መከላከያ ሊሰጠው ሲችል፣ በሶፍትዌር የተደበቀ ትርፍ ልቀት ይህን መከላከያ ያሳጣዋል፤ ምክንያቱም ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ አያገኘውም። ባለቤቱ ወይም መካኒኩ ከማርሚታው ላይ የጭስ ማጣሪያውን አውልቆት ከሆነ ደግሞ «በተለመደው አኳኋን» የሚለው ስለሚፈርስ፣ በአምራቹ ፈንታ የመኪናውን ባለቤት በቁጥር 2081 መጠየቅ ይሻላል።

የማስረዳት ሸክሙ በቁጥር 2141 መሠረት የከሳሹ ነው፤ ከባዱም ሥራ ይኸው ነው። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል፤ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድም አስምን እንደሚያባብስ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የእርስዎ ሕመም በዚህ ጭስ መምጣቱን አያስረዳም። በለንደን በአስም የሞተች የ9 ዓመት ልጅን ጉዳይ የመረመረ ሹም እ.ኤ.አ. በ2020 የአየር ብክለት ለሞቷ አስተዋጽኦ ማድረጉን ሲወስን፣ በቤቷ አቅራቢያ የተለካ የብክለት መረጃ ከሕክምና ታሪኳ ጋር ተገናዝቦ ቀርቦለት ነበር። እርስዎም ሕመሙ የጀመረበትን ቀን፣ የሳንባ አቅም ምርመራ ውጤትንና የሥራ ቦታዎን በሕክምና ካርድዎ ላይ እንዲሰፍሩ ሐኪሙን ይጠይቁ። ሲጋራ የሚያጨሱ ወይም ቤት ውስጥ በከሰል የሚያበስሉ ከሆነም አይደብቁ፤ ተከሳሹ ቀድሞ ካነሣው የሌላው ማስረጃዎ ታማኝነት ይጎዳል።

የአየሩን ልኬት ግለሰብ በራሱ አቅም ማስጠናት ይቸግረዋል። ስለሆነም ከክሱ አስቀድሞ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት ለአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን በጽሑፍ አቤቱታ እንዲያቀርቡ እመክራለሁ። አንቀጹ አቤት ባዩ የግል ጥቅም እንዲያሳይ አይጠይቅም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም ውሳኔው ካላረካዎት፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። የመንገዱ አየር እንዲለካ በአቤቱታው በግልጽ ይጠይቁ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂም ያስቀሩ።

የካሣ ክስ ይርጋ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ አቤቱታው ሲጓተት ጊዜው እንዳያልፍብዎት ይጠንቀቁ። ቀስ በቀስ የሚመጣ ሕመም መቼ «ደረሰ» የሚለው ሊያከራክር ስለሚችል፣ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን መቁጠር ይሻላል። የዳኝነት ክፍያ መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ እንዲከስ ማመልከት ይችላል፤ ይህን ማመልከቻ ከክሱ ጋር አብሮ ያዘጋጀው።