ብርቅ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ፍለጋ ሲቆም፦ ችግሩና መፍትሔው

የባለቤቴ እናት የቤተሰብ ስም ሸፍልቦተም ነው። ሲሰሙት ሰዎች ይስቃሉ፣ ምክንያቱም ቦተም ዛሬ መቀመጫ ማለት ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ግን ሸለቆ ነበር። ስሙም የወጣው ላንክሻየር ውስጥ፣ በሪ አጠገብ ካለ ሺፐርቦተም ከሚባል ስፍራ ነው። ለልጆቼ በእኔ በኩል ሰባት ቤት ስቆጥርላቸው በእናታቸው በኩል ባዶ እንዳይሆን ብዬ የዘር ፍለጋውን ጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊ ላገቡ ብዙ ወገኖቻችን ፈልጌያለሁ። ከታች ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምልክት፦ ቤተሰቡ እስከ አንድ የሕዝብ ቆጠራ ድረስ ይገኛል፣ ከዚያ ድራሹ ይጠፋል

ከአሥር ሰው ዘጠኙ ይዞብኝ የሚመጣው ይህን ነው።

መንስኤው አጻጻፉ ነው። ስም ብርቅ ሲሆን ሰው ይዘናጋል። «ይህ ስም ያለው ስንት ሰው ነው? በቀላሉ ይገኛል» ይልና አንድ አጻጻፍ ይዞ ይቀመጣል። ስሚዝ የሚፈልግ ሰው እንኳ ከዚህ የበለጠ ይጠነቀቃል።

እኛ ኃይሉን በየትኛው «ሀ» እንጻፍ ብለን ስንት ጊዜ ተከራክረናል? የእንግሊዙም ያው ነው። ቄሱና ቆጣሪው የሰሙትን ጻፉ። ባለ ስሙ ብዙ ጊዜ ማንበብ ስለማይችል አላረማቸውም። በጋብቻ መዝገቡ ላይ በፊርማ ፋንታ የኤክስ ምልክት ካያችሁ ነገሩ ገባችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሸፍልቦተም አንድ ቦታ ሸፍልቦታም፣ ሌላ ቦታ ሹቦታም፣ ሌላ ቦታ ሺፐርቦተም ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተት ይጨመራል። መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር የገለበጠው ሰው የድሮ የእጅ ጽሑፍ ይቸግረዋል። አንድ ወዳጄ የሚስቱን ቅድመ አያት በ1881ዱ ቆጠራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፈለገ። ሰውዬው ሞቷል ብሎ ደምድሞ፣ ለማይመለከተው ሰው የሞት ሰርተፊኬት በገንዘቡ ገዛ። ወደ እኔ ሲመጣ የቤተሰቡን ስም ጨርሶ ከፍለጋው አወጣሁት። ከልጆቹ አንዷ ከኢዮብ ሴት ልጆች የአንዷን ስም የያዘች ናት፣ እንደዚያ ዓይነት ስም ብዙ አይገኝም። የእሷን ስም፣ የተወለደችበትን ከተማና ዕድሜዋን ብቻ አስገባሁ። ቤተሰቡ በሙሉ ቁጭ ብሏል፣ አባት፣ እናት፣ አምስት ልጆች። ማውጫው ላይ የተመዘገቡት ግን በኤስ ሳይሆን በኤል ነው። ገጹን ስንከፍተው ቆጣሪው ትልቁን ኤስ ከላይ ቋጥሮ ከታች ጅራቷን ወደ ቀኝ ጎትቷታል። እኔም ብሆን ኤል ብዬ አነባት ነበር። ወዳጄ ስክሪኑ ላይ ጣቱን አድርጎ ስማቸውን አንድ በአንድ አነበበው።

መፍትሔው ይኸው፦

መጀመሪያ ስሙን ጮክ ብላችሁ በሉት፣ ብትችሉ የአካባቢው ሰው ይበልላችሁ። የሰማችሁትን በአምስት ስድስት ዓይነት ጻፉ። በኤች የሚጀምር ስም ከሆነ ያለ ኤች፣ በአናባቢ የሚጀምር ከሆነ ኤች ጨምራችሁ ሞክሩ። ከዚያ በኮከብ ምልክት (*) ፈልጉ፣ ያላወቃችሁትን ፊደል ሁሉ ትተካለች። ፍሪ ቢ ኤም ዲና ፋሚሊ ሰርች የሚባሉት የዘር መፈለጊያ ድረ ገጾች ይቀበሉታል፣ ሁለቱም በነፃ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጻፉ፣ መሃሉን በኮከብ ተኩ፣ መጨረሻዋን ፊደል አስገቡ። ይህም ካልሠራ የቤተሰቡን ስም አውጡት። በጣም ያልተለመደ የመጠሪያ ስም ያለውን ልጅ ምረጡና በእሱ ፈልጉ።

ስታገኙ የመዝገቡን ምስል ሳታዩ አትመኑ። ደግሜ እላለሁ፣ ምስሉን ክፈቱ። የቆጠራ ሒሳብ የሠሩት ጸሐፊዎች ዕድሜው ላይ በእርሳስ ይጭሩበት ነበር፣ 4 እና 9 በዚህ ይምታታሉ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ስሙ ብርቅ ነው ማለት ሰውየው አንድ ነው ማለት አይደለም። የወንድማማቾች ልጆች በአያታቸው ስም ይጠሩ ነበር። በአንድ አጥቢያ በአንድ ዘመን ሁለት ጆን ሸፍልቦተም ቢኖር አይግረማችሁ። የሚለያቸው የእናት ስም ነው። የእንግሊዝን ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘግበው የጠቅላላ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት የልደት ማውጫ በኢንተርኔት ሲታይ የእናትን የቀድሞ ቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ ያሳያል። ቦታው ላይ ሰረዝ ብቻ ካለ እናትየዋ ያላገባች ልትሆን ትችላለች፣ ልጁን በእናቱ ስም ተከታተሉት።

ምልክት፦ ልጁ ወላጆቹ ሳይጋቡ ክርስትና ተነሥቷል

ጋብቻው ግንቦት 1710፣ ክርስትናው የካቲት 1710 ተብሎ ካገኛችሁ ቤተሰቡን በሐሜት አታንሡ። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ነበር። ያ የካቲት በዛሬው አቆጣጠር የ1711 ነው። በመስከረም ዓመት የምንቀይር ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም።

ምልክት፦ በ1841 ዕድሜው ከሌላው ቆጠራ ጋር አይገጥምም

ከ15 በላይ የሆነ ሰው ዕድሜ ወደ ታች በአምስት በአምስት እንዲጠጋጋ ታዝዞ ነበር። 39 የሆነው 35 ተብሏል።

ምልክት፦ ከ1640ዎቹ እስከ 1660 መዝገቡ ባዶ ነው

የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመንና ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። ኑዛዜና የመሬት ሰነድ ፈልጉ።

ምልክት፦ የ1931 ቆጠራ አይገኝም

በ1942 በእሳት ወድሟል። በእሱ ፋንታ በ1939 ጦርነቱ ሲጀመር የተሠራውን የሕዝብ መዝገብ ተጠቀሙ።

ምልክት፦ የዘር ሐረጉ በአንድ ሌሊት እስከ ንጉሥ ደረሰ

ይህ ያናድደኛል። አንዱ ሳያጣራ ይለጥፋል፣ ሃምሳው ይገለብጣል፣ ከዚያ «ሃምሳ ሰው ተስማምቶበታል» ይባላል። እናቱ ከእሱ በኋላ የተወለደች ሰው በዓይኔ አይቻለሁ! ሰነድ ያልተያያዘበትን ትውልድ ከዛፋችሁ ቁረጡት። «የቤተሰባችሁ አርማ» ብለው በኩባያ ላይ አትመው የሚሸጡላችሁንም አትግዙ። በእንግሊዝ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰውና ለሕጋዊ ተወላጆቹ እንጂ ለስም አይደለም። በዚያ ገንዘብ አንድ የልደት ሰርተፊኬት አውጡበት።