የባታክ መቃብር ላይ የሙዚቃ መሳሪያ ስታዩ እንዴት ታነቡታላችሁ

ከበሮና ሌላ መሳሪያ የተቀረጸባቸውን የቶባ ሐይቅ መቃብሮች ፎቶ ያየ ሰው ቶሎ የሚለው "ሟቹ ሙዚቀኛ ነበር እንዴ?" ነው። ኧረ ቀስ በሉ፣ እዛ ድምዳሜ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት የምታዩት ነገር አለ።

መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለዩ። ባታክ ሲባል ሰሜን ሱማትራ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው፣ ቶባ፣ ካሮ፣ ሲማሉንጉን፣ ፓክፓክ፣ አንግኮላና ማንዳይሊንግ አሉ፣ ሙዚቃቸውም አንድ አይደለም፣ ማንዳይሊንጎች ለምሳሌ ጎርዳንግ ሰምቢላን የሚባል የ9 ትልልቅ ከበሮ ስብስብ አላቸው። እኔ የማወራው ስለ ቶባ ነው።

ከዛ የተሰራበትን ነገር እዩ። ሐይቁ ውስጥ ባለው ሳሞሲር ደሴት ላይ ቶሞክ መንደር እንዳለው የሲዳቡታር ነገሥታት መቃብር ከድንጋይ የተፈለፈለ ሳጥን ከሆነ ፊት ለፊት የሚያፈጥባችሁ ትልቁ ፊት ሲንጋ ነው፣ ጠባቂ የሆነ የአፈ ታሪክ ፍጡር። ሲሚንቶ ሆኖ ቀለም የተቀባ ከሆነ ደሞ ቱጉ የሚባለው የአያቶች መታሰቢያ ሐውልት ነው፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነገር፣ እሱን "ጥንታዊ" ብላችሁ ፖስት እንዳታደርጉት በናታችሁ።

አሁን መሳሪያዎቹን። በተርታ 5 ከበሮ ካለ ታጋኒንግ ነው፣ ከጎኑ ያለው ግዙፉ ከበሮ ጎርዳንግ፣ ክቦቹ የብረት መሳሪያዎች ኦጉንግ (4 ናቸው)፣ የሚነፋው ሳሩኔ። አንድ ላይ ጎንዳንግ ሳባንጉናን ይባላሉ። ይሄ ባንድ ለጭፈራ ብቻ አይደለም፣ በድሮው እምነት ጸሎትን ወደ ላይኛው አምላክ ወደ ሙላ ጃዲ ናቦሎንና ወደ አያቶች መንፈስ የሚያደርሰው እሱ ነው፣ የታጋኒንግ መቺው ራሱ ባታራ ጉሩ ሁንዱል ተብሎ በአምላክ ስም ይጠራል። ስለዚህ ዱላ ይዞ ከበሮው ጋ የተቀረጸውን ሰውዬ እንደ አጃቢ እንዳታዩት።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ጎንዳንግ ለሞተ ሰው ሁሉ አይመታም። ሳኡር ማቱዋ የሚባለው፣ ልጆቹን ሁሉ አጋብቶ የልጅ ልጅ አይቶ የሞተ ሰው፣ እሱ ነው በሙሉ ክብር የሚሸኝበት። በወጣትነቱ ለሞተ አይሆንም። ደሞ ከዓመታት በኋላ አጥንቱ ወጥቶ ወደ ቱጉ ሲዛወር (ማንጎንግካል ሆሊ ይሉታል) ጎሽ ታርዶ ጎንዳንግ ይመታል። እንደኔ ከሆነ ከበሮው ስለ ሟቹ ሙያ ሳይሆን ስለ ዘሩና ስለተደገሰለት ድግስ ነው የሚያወራው።

ሃሳፒ ብቻውን ካያችሁ፣ ባለ ሁለት ክሩ ማለት ነው፣ የሌላ ትንሽ ባንድ መሳሪያ ስለሆነ አትቀላቅሉት። ከበሮ ካለበት መስቀል ቢኖር ደሞ አይግረማችሁ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የገቡት የጀርመን ሚስዮናውያን ጎንዳንግን ከልክለው ነበር፣ ግን አልጠፋም።

የሚቀረውን ቤተሰቡን ጠይቁ፣ የጎሳው ስም ማርጋው ብዙ ጊዜ እዛው ተጽፏል። ቶሞክ መቃብሩ ጋ ከገባችሁ ኡሎስ የሚባለውን ጨርቅ ትከሻችሁ ላይ ጣል ማድረግ ግዴታ ነው፣ መቃብሩ ላይ ተደግፎ ሰልፊ ግን ይቅር።