«ስቶክሆልም ሲንድረም ይዟታል» ከማለታችሁ በፊት

ታግቶ የወጣ ሰው አጋቹን ካልረገመ «በቃ፣ ስቶክሆልም ሲንድረም ይዞታል»፣ ማለትም አጋቹን የመውደድ በሽታ ይዞታል፣ የሚል አይጠፋም። የምክር ስራ ላይ ነው ያለሁት፣ ይሄን ከቤተሰብም ከባለሙያም ስሰማ ጆሮዬ ደነዘዘ። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

የታወቀ በሽታ ነው ብሎ መደምደም። አይደለም። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶች (የአእምሮ ሐኪሞች) የሚጠቀሙበት የአእምሮ ሕመሞች መመሪያ መጽሐፍ፣ ዲኤስኤም ውስጥ ፒቲኤስዲ (ከከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) አለ፣ ይሄ የለም።

ታሪኩን ሳያውቁ ስሙን መለጠፍ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ኦገስት 1973 ያን ኤሪክ ኦልሰን የሚባል ሰው ስቶክሆልም ውስጥ ኖርማልምስቶርይ አደባባይ ያለ ባንክ መሳሪያ ይዞ ይገባና ሰራተኞች ያግታል፣ 3 ሚሊዮን ክሮነር ስጡኝ፣ እስር ቤት ያለውን ክላርክ ኡሎፍሶንንም አምጡልኝ ይላል፣ ሰውየውን አመጡለት። ከታጋቾቹ አንዷ፣ የ23 ዓመቷ ክሪስቲን ኤንማርክ፣ የስዊድን ጠቅላይ ሚኒስትር ኡሎፍ ፓልመ ጋ ደውላ እኔ የምፈራው ፖሊስ ገብቶ እንዳያስጨርሰን ነው፣ ከአጋቾቹ ጋር እንውጣ ብላ ለመነች። በኋላ እንደተናገረችው የሰጣት መልስ ስራሽ ላይ ሆነሽ ብትሞቺ አይሻልም ወይ አይነት ነበር። ጭራሽ ፖሊስ ታጋቾቹ ውስጥ እያሉ የካዝናውን ክፍል ቆለፈባቸው፣ ጣሪያውን በሳ፣ በስድስተኛው ቀን ጋዝ ለቀቀ። እና አሁን የሷ ፍርሃት ነው በሽታ? ስሙን ያወጣው ኒልስ ቤየሮት ፖሊስን ሲያማክር የነበረ ሳይካትሪስት ነው፣ ልጅቷን ቁጭ አድርጎ ሳይጠይቅ!

ተጠልፋ በኋላ ከጠላፊዎቿ ጋር ባንክ የዘረፈችውን አሜሪካዊት ፓቲ ኸርስትን እንደ ማስረጃ መጥራት። በ1976 ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ነው ያላት፣ ጠበቃዋም የተከራከረው አእምሮዋ ታጥቧል፣ ተገዳ ነው ብሎ እንጂ በዚህ ስም አልነበረም።

ግን ደግሞ «ተረት ነው» ብሎ መዝለልም ስህተት ነው። መቀራረቡ አለ እኮ። እዛው ባንክ ውስጥ አንዷ ታጋች ስትንቀጠቀጥ ኦልሰን ጃኬቱን ደርቦላታል። ስቬን ሴፍስትሮም የተባለውን ደግሞ ፖሊስን ለማስደንገጥ እግርህን ልመታህ ነው ሲለው፣ ሰውየው እግሬን ብቻ አለ፣ እንዴት ደግ ነው ብሎ አሰበ። ሊገድልህ የሚችል ሰው ሲተውህ እንደ ስጦታ ነው የሚቆጠረው፣ ለዚህ የበሽታ ስም አያስፈልግም።

ሰውየውን ራሱን አለመጠየቅ። ናታሻ ካምፑሽ በ1998፣ በ10 ዓመቷ ቪየና ላይ ተጠልፋ ከስምንት ዓመት በላይ ተቆልፎባት አምልጣ ወጥታ ይሄን ስም አልቀበልም ብላለች፣ ሰው ግን አሁንም ይለጥፍባታል።

እኔስ? ስራ እንደጀመርኩ አካባቢ ከአረብ ሀገር የተመለሰች እህት መጣች፣ ፓስፖርቷን ነጥቀው ቤት ቆልፈውባት የኖረች፣ «ማዳሜ ክፉ አልነበረችም» እያለች። እኔ ሊቋ ፋይሏ ላይ ስቶክሆልም ሲንድረም ብዬ ጻፍኩና ነገርኳት። ዝም ብላ አየችኝና «ታዲያ ባልስቅላት ማን እራት ይሰጠኝ ነበር?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ሰረዝኩትና እሷ ያለችውን ጻፍኩ።