ከብሎንና ከማርሽ የሚሠራ የስቲምፓንክ አበባ፦ ችግርና መፍትሄ

አዳማ ውስጥ ለስቲምፓንክ አበባ፣ ማለትም የእንፋሎት ዘመን ማሽንን መልክ ይዞ ለሚሠራ ጌጥ፣ ዕቃ ማግኘት አያስቸግርም። ያለቀ የባጃጅ ፍሪሲዮን፣ የደረቀ ኩሽኔታ፣ የተበጠሰ የሞተር ብስክሌት ካቴና ጋራዥ ደጃፍ ላይ ይገኛል፤ ሮንዴላና ዳዶ ከብረታ ብረት ሱቅ፣ የቆዳና የጨርቅ ቁራጭ ደግሞ ከሰፊዎች። የሚያስቸግረው እነዚህን ሁሉ አንድ ግንድ ላይ አስማምቶ ማቆየት ነው። ሙቀትና እርጥበት ሲነካቸው የብረቱም የቆዳውም የወረቀቱም ጠባይ ይለያያል።

የአበባው ቅጠሎች እየተላቀቁ ይወድቃሉ

ሙጫውን ከመውቀሳችሁ በፊት የወደቀውን ቅጠል ገልብጡና ጀርባውን ተመልከቱ። በግሉ ገን (ሙጫን አቅልጦ በሚተፋ መሣሪያ) የተቀባው ሙጫ ለስልሶ፣ አብረቅርቆና የሮንዴላውን ቅርጽ እንደያዘ ከተላቀቀ፣ ብረቱ ሙቀቱን ቶሎ ስቦበት ሳይነክስ ደርቋል ማለት ነው። ጥቁር እድፍ ከያዘ ብረቱ ቅባት ነበረበት። ቀለም ልጦ ከመጣ ደግሞ ሙጫው ሥራውን ሠርቷል፤ ያልያዘው ቀለሙ ነው።

ለመጀመሪያው፣ የሚጣበቀውን ፊት በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሻክሩና ብረቱን ለጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ላይ አሙቁት። የአዳማ ፀሐይ ለዚህ ሥራ ክፍያ አይጠይቅም። ለሁለተኛው ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የባጃጅ ፍሪሲዮን የሚሠራው ዘይት ውስጥ ተነክሮ ስለሆነ ብዙ ሰው በናፍጣ ያጥበውና ጸዳ ብሎ ያስባል። ናፍጣም ራሱ ቅባት ነው። ከናፍጣው በኋላ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡት፣ አድርቁት፣ በመጨረሻ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉት። ለሦስተኛው፣ ሙጫ የሚያርፍበትን ቦታ ቀለም አታስነኩት።

ይህን ሁሉ ብታደርጉም ከባድ ብረትን በሙጫ ብቻ ማንጠልጠል አልመክርም። የቅጠሎቹን መካከል በትራፓኖ ብሱና በአንድ ብሎን ላይ ደርድሯቸው፤ በየመካከላቸው ሮንዴላ ጣል አድርጉ፤ ከኋላ በዳዶ አጥብቁና እንዳይላላ ሁለተኛ ዳዶ ደርቡበት። ለብሎን የማይመች ቦታ ላይ ባለ ሁለት ቱቦ ኤፖክሲ ተጠቀሙ። ከሁለቱ አንዱ ከበዛ ወይም በደንብ ካልተዋሃዱ ሲዳሰስ እያጣበቀ ይቀራል፤ ያኔ ፍቆ እንደገና መጀመር እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። በአምስት ደቂቃ ይደርቃል የተባለውም ቢሆን በማግስቱ እንጂ ያኔውኑ አይነካም።

በግሉ ገን የተሠራ አበባ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ሙጫው ይላላል።

አንገቱ ይሰበራል

ምክንያቱ ቀጭን ሽቦ ነው። የብየዳ ኤሌክትሮድ ጥሩ ግንድ ይወጣዋል፦ ውስጡ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አብዛኛውን ጊዜ 35 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ልባሱን አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ደጅ ሆናችሁ በመዶሻ አራግፉት። አበባው ከመዳፍ ከሰፋ 3.2 ሚሊ ሜትሩን ውሰዱ።

መዳቡ አረንጓዴ አልሆነም

መዳቡን ያረጀ ለማስመሰል አረንጓዴ ልታደርጉት ስትፈልጉ መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉ። ከሳበው ከላይ ብቻ መዳብ ወይም ናስ የተቀባ ብረት ነው፤ አቼቶ ቢነካው ይዝጋል እንጂ አያረጅም። ካልሳበውና ሽቦው ከተቃጠለ ሞተር የወጣ ከሆነ ደግሞ በላዩ ላይ በዓይን የማይለይ ቫርኒሽ አለ። እሱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቁት፤ በእሳት አትለብልቡት፣ ጭሱ ይጎዳል። ከዚያ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሥር ጥቂት አቼቶ አፍስሱ፣ መዳቡን አርጥባችሁ ጨው ነስንሱበትና አቼቶውን ሳይነካ ከላዩ አንጠልጥሉት። ክዳኑን ዝጉና በየቀኑ ተመልከቱት። የሚወጣው አረንጓዴ መርዛማ ነው፤ እጃችሁን ታጠቡ፣ አበባውም ምግብ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ ይራቅ።

የተረጨው ቀለም ሻካራ ሆነ

የአዳማ ነፋስ በከተማዋ ዙሪያ ለቆሙት ተርባይኖች ሲሳይ ነው፤ ለሚረጭ ቀለም ግን ጠላት። አቧራ ያመጣል፤ ቀለሙንም ብረቱ ላይ ሳያርፍ አየር ላይ ያደርቀዋል። በጠዋት፣ አንድ ጎኑ በተከፈተ ካርቶን ውስጥ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ በስሱ እየደጋገማችሁ ርጩ። የሻከረውን በ400 ቁጥር ወረቀት ካለሰለሳችሁ በኋላ ድገሙት።

በሱፐር ግሉው ዙሪያ ነጭ ብናኝ ታየ

የሙጫው ተን ነው ያረፈው። ጠብታውን ቀንሱ፣ አየር አስገቡ። የታየው በግልጽ ቫርኒሽ ይጠፋል። ጥጥ ጨርቅ ላይ ግን ሱፐር ግሉ በብዛት አታፍስሱ፤ ግሎ እጅ ሊያቃጥል ይችላል።

ጨርቁ ላይ የዝገት ቀለም ወጣ

ነጭ ኮላ ውሃ ስላለበት ባዶ ብረትን ያዝገዋል። የብረቱን ጀርባና ጠርዝ አስቀድማችሁ ቫርኒሽ ቀቡ። ጨርቁ ቀድሞ ከተበላሸ አውልቃችሁ በወፍራም ሻይ ንከሩት፤ ሙሉው ቡናማ ይሆናል፣ ዝገት የነካው ቦታ ደግሞ ወደ ጥቁር ያደላል። ለዚህ ዓይነት አበባ ከአዲሱ ይልቅ ያ ያምርበታል።

ሁሉም ጠንካራ ነው፣ ግን ስቲምፓንክ አይመስልም

በእኔ እይታ ከባዱ ችግር ይሄ ነው። ስቲምፓንክ መልኩን የወሰደው ከእንፋሎት ዘመን ማሽን ነው፤ በአዳማ አልፎ በ1917 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ባቡርም የዚያው ዘመን ልጅ ነበር። በዚያ ዘመን ማሽን ላይ ያለ ማርሽ አንድ ነገር ያዞራል። ወርቃማ ቀለም ተረጭቶ ቅጠል ላይ የተለጠፈ ማርሽ ግን የሚያዞረው የለም፤ ዓይንም ወዲያው ያውቅበታል።

ቀለሙን ከጥቁር ጀምሩ። ሲደርቅ ብሩሹን ወርቃማ ቀለም አስነክታችሁ ጨርቅ ላይ አራግፉና፣ ሊደርቅ በተቃረበው ጠጉር የብረቱን ጠርዝ ብቻ ዳስሱት፤ ጥርሶቹ መካከል ጥቁሩ ይቅር። ከብረቶቹ መካከል አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ከቆዳ ይሁን። የአበባውን እምብርት በኩሽኔታ ሥሩት፦ የደረቀ ግራሱ በቤንዚን ሲታጠብ ብዙ ጊዜ እንደገና ይዞራል፤ እጥበቱ ከእሳት ርቆ ደጅ ላይ ይሁን። ከጎኑ ጥርሳቸው እኩል የሆነ ሁለት ማርሾች አቆላልፋችሁ እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው ብሎን ላይ አስቀምጡ። አንዱን በጣት ስትገፉት ሌላው ካልዞረ የመጀመሪያውን ዳዶ ሩብ ዙር አላሉና የተደረበውን ሁለተኛ ዳዶ መልሳችሁ አጥብቁት።